ከምሰሶው ሥር የተነፋው ፊሽካ

«ነፍቷል አልኩህ። በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት» አለ ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ። ድምፁ ከጩኸት ብዛት ተዘግቶ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። አውቶቡሱን የሞሉት ደጋፊዎች እኔም ሰምቻለሁ፣ እኔም ሰምቻለሁ እያሉ ተቀበሉት። ደጋፊ በአንድ ነገር ሲስማማ ማየት ብርቅ ነው፤ ለዚያውም ተሸንፎ ሲመለስ።

ሽቦ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ የቡድኑን ሻርፕ ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሽቦ ያሏት ቅጥነቷንና ቁመቷን አይተው የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ስሙ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሰፈሯም ቤቷም ተከትሏት ገብቷል። አባቷ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ከጠዋት ፈረቃ በቀጥታ ወደ ጨዋታው ስለመጣ የሥራ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቡድናቸው በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር፤ ጥቂት ሰከንዶች ቢያልፉ ለፍጻሜ ያልፋል። የተጋጣሚው ተጫዋች ኳሷን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ሲገሰግስ ፊት ለፊቱ የቆመው ግንቡ ነበር። ግንቡ ተከላካያቸው ነው፤ በእሱ በኩል ማለፍ ግንብ በጭንቅላት እንደመግጨት ነው ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ተጫዋቹ ሊዘል ሲል ፊሽካ ተሰማ። ግንቡ ጨዋታው የቆመ መስሎት ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ገለል አለ። ያኛው ግን የጀመረውን ዝላይ ጨርሶ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጣት። ወዲያው የማብቂያው ደወል ጮኸ፤ ዋናው ዳኛም ነጥቡን አጸደቀ። ተጫዋቾቹ ከበው ነፍተሃል እኮ ቢሉት፣ አልነፋሁም አለ። በዚያው አለቀ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ አልነፋሁም ይላል» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ። ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የግንቡ ነው ባይ ነው፤ ተጫዋች ሰማይ ቢደረመስ እንኳ ደወል ሳይጮህ እጁን አያነሳም ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም አልተቀበለም። ነጻ ውርወራ እንደዚያ እየሳቱ፣ አሰልጣኙም የደከሙትን ሳይቀይር ቆሞ እያየ፣ ሁሉን ነገር ዳኛ ላይ መለጠፍ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ እርግማኑ ግን ተመልሶ ዳኛው ላይ ወረደ። ደጋፊነት እንግዲህ ይኸው ነው፤ የሚሮጠው ተጫዋቹ፣ የሚደክመው ደጋፊው።

ሽቦ ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። ቀኝ ጆሮዋ አሁንም ጭው ይላል። ፊሽካው የተነፋው እዚያው ጆሮዋ ሥር ነበርና።

አባቷ የሚሠራው መነኸሪያ ውስጥ ነው። አውቶቡሶች ወደ ኋላ እየሄዱ ቦታቸውን ሲይዙ በፊሽካ የሚመራቸው እሱ ነው። አጭር አጭር ሲነፋ ና፣ ና ማለት ነው፤ አንድ ረጅም ሲነፋ ቁም። የብረት ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ፊሽካ ይዞ መግባት ክልክል ቢሆንም ከሰደርያው ሥር ስለነበር በር ላይ ያየው የለም፤ እሱም ረስቶታል። የተቀመጡት ከሜዳው ጠርዝ፣ ከምሰሶው ሥር ነበር። ምሰሶው ግማሹን ሜዳ ስለሚጋርድ ቦታውን ማንም አይፈልገውም፤ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አራተኛው ሩብ ሲጀመር አባቷን እንቅልፍ ጣለው። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ሲጮህ ባንኖ ተነሳ፤ አንድ ነገር ወደ ባዶ ቦታ ሲገባ አየ፤ እጁ ወደ አንገቱ ሄደ፤ አንድ ረጅም ነፋ። ሰው ሁሉ ቆሞ ዓይኑን ሜዳው ላይ ተክሎ ስለነበር ከሽቦ በቀር ያየው የለም። ወዲያው ዓይኑን እያሻሸ ምን ሆነ ብሎ ጠየቃት። ተሸነፍን ብቻ አለችው።

አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ያን ሁሉ እርግማን እየሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሄድ፣ ያወቀ ይሁን ያላወቀ ከፊቱ ልታነብ ሞከረች። ድካም ብቻ ነው ያየችው። የሚረገመው ዳኛ ደግሞ፣ ነገር ሲብስ እንዲህ ነው፣ የራሷ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ከጨዋታው ሌላ ወሬ አልነበረም። ዴስክ ላይ ወጥቶ የሚያስረዳው ተንታኙ ነው። ተንታኙ የሽቦ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አንድ ጨዋታ ካየ እስከሚቀጥለው ጨዋታ ድረስ አፉ አይዘጋም። ራሱ ኳስ ሲይዝ ግን ኳሷ ታዝንለታለች። ጉንጩን ነፍቶ ፊሽካው እንዴት እንደጮኸ ያሰማል፤ «ድርርርር» ይላል፣ ወፍራምና የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። አንዲት ልጅ የቲቸር ፊሽካ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ፣ ድምፁ ቀጭን ነው እኮ አለች። ተንታኙ ለአፍታ አላመነታም፤ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ይወፍራል ብሎ እንደ ሊቅ መለሰላት። ክፍሉም አመነው። ሽቦ መጽሐፏን ከፍታ ያላነበበችውን ገጽ ገለበጠች።

«ስሙኝማ» አለ ተንታኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ስፖርት አለን አይደል? ቲቸር ሩጡ ብሎ ሲነፋ ማንም ንቅንቅ እንዳይል። ነፉ እንዴ፣ አልሰማንም እንለዋለን። እሱ ካልነፋ እኛም አልሰማንማ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሽቦም ፈገግ አለች፤ በዚያ ሁሉ ጥርስ መሀል ፈገግ ያላለ ሰው ይታያል።

ሜዳው ላይ ሲሰለፉ መምህሩ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ጢሙንም አልተላጨም። ልጆቹን እንደ ወትሮው ማሟሟቂያ አሠራቸውና ቀጭኗን ፕላስቲክ ፊሽካ አፉ ውስጥ ከትቶ ነፋ። ማንም አልተነቃነቀም።

«ነፉ እንዴ፣ ቲቸር?» አለ ተንታኙ ግራ የገባው መስሎ። «እኛ አልሰማንም።»

ከሰልፉ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። መምህሩ ደግሞ ነፋ። አሁንም ዝም። የሽቦ እግሮች መሮጥ ፈልገው ነበር፤ ግን ቆመች። ሰው ሁሉ ቆሞ ብቻን መሮጥ ቀላል አይደለም። ይቆጣል፣ ይቀጣል ብለው ሲጠብቁት መምህሩ ቀስ ብሎ ሄዶ ከሜዳው ዳር ያለችው አጥር ላይ ተቀመጠ። ፊሽካዋን ከአፉ አውጥቶ አገላብጦ አያት።

«እኔም እንደ እናንተ ግራ ገብቶኛል» አለ። «ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ማታ ብትጠይቁኝ አልነፋሁም ብዬ እምልላችሁ ነበር። ትናንት ባለሱቁ ነፍተሃል አለኝ። ጎረቤቴ አለኝ። የገዛ ወንድሜ ደውሎ አለኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቶ እኔ ብቻ ካልሰማሁ፣ ሳላውቀው ነፍቼው ይሆን እያልኩ ነው አሁን።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። መምህሩ ዓርብ ከሰዓት የዳኞች ኮሚቴ እንደጠራው ነገራቸው። ነፍቻለሁ ካለ የመጨረሻዋ ደቂቃ ትደገማለች፣ እሱም ከዳኝነት ይሰናበታል። እሱ ካልነፋ፣ ወይም ሌላ ሰው ነፍቶ ከሆነ ግን የሚደገም ነገር የለም፤ ውጤቱ ውጤት ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ደክሞኛል» አለ በመጨረሻ። «ነፋሁ ልበልና ሁላችንም እንረፍ።»

ወደ ክፍል ሲመለሱ ተንታኙ በደስታ ክንዷን ይዞ ናጣት። ጨዋታው ሊደገም ነው፤ ግንቡ በዚህ ጊዜ እንደማያሳልፈው ያውቃል፤ ለፍጻሜ ማለፋቸው ነው። ሽቦም እንዲደገም ትፈልጋለች፤ ማን የማይፈልግ አለ? አባቷ ይህን ቡድን ሲደግፍ ነው ጸጉሩ የሸበተው። ዝም ብትል አባቷ አይነካም፣ ቡድኑም ይጫወታል። የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ልረፍ እያለ ነው። ነገሩን እንዲህ ስታሰላው ትክክል ይመጣል፤ እሷ ግን ስሌቱን ደግማ ጀመረችው።

በማግስቱ ኳሶቹን ወደ ዕቃ ቤት የመመለስ ተራ የእሷ ነበር። መምህሩ መረቡን ዘርግቶ ይዞላት እሷ ኳሶቹን ስትከት፣ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ከምሰሶው ሥር እንዳያት ነገራት።

«አንቺስ ሰምተሻል?» አላት። «ፊሽካውን።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሽቦ።

ውሸት አልነበረም። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ፤ የሚጠብቀው አንድ ምስክር ቀርቶት ነበር፣ እሱም መጣ። «አንቺ እንኳ አትዋሺም» ብሏት መረቡን ተሸክሞ ሄደ። ሽቦ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። እውነት ተናግራ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም። የሰውየው አረማመድ አንጀቷን በላው፤ መረቡ ውስጥ ያለው ኳስ ሳይሆን ድንጋይ ይመስል ነበር።

ረቡዕ አባቷ ሁለት ፈረቃ ደርቦ ይሠራ ነበር። ሽቦ ከትምህርት ቤት ወጥታ ምግብ በምሳ ዕቃ ይዛለት መነኸሪያ ሄደች። የናፍጣው ጭስ፣ የመዳረሻ ስም የሚጠሩት ረዳቶች፣ ሻንጣ የሚጎትተው መንገደኛ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ጥላው ሥር አግዳሚው ላይ ሹፌሮቹ ቁጭ ብለው የቅዳሜውን ጨዋታ አሁንም ይጫወቱታል። አንዱ ዳኛውን ይረግማል፣ አንዱ ግንቡን ይረግማል፤ እርስ በርስ መከራከር ሲሰለቻቸው አሰልጣኙን አንድ ላይ ይረግማሉ።

አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ መግባት ጀመረ። ሽቦ ያንን አጭር አጭር ፊሽካ ጠበቀች። የለም። አባቷ ከአውቶቡሱ ጎን ጎን እየተራመደ በመዳፉ ብረቱን ይመታል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቦታው ላይ ሲደርስ በሁለት እጁ አንዴ ጓ አደረገው፤ አውቶቡሱ ቆመ። ፊሽካው አንገቱ ላይ አለ፤ አልነካውም።

«ፊሽካህ ምን ሆነች፣ ጋሼ?» አለው ወፍራሙ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ። «ከቅዳሜ ወዲህ ድምጿ ጠፋብን።»

«ጉንፋን ይዟታል» አለ አባቷ።

ሹፌሮቹ ሳቁ። ሽቦ አልሳቀችም። ያውቃል አለች በልቧ፤ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር።

ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። አባቷ መዳፉ ቀልቶ አብጧል። ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና ማኘኩን እንኳ የደከመው መሰለ። ሽቦ ከዚህ ሌላ ሰዓት አላገኝም ብላ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ለት ያን ፊሽካ ሰምተኸዋል?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ሹፌሮቹ ወዳሉበት አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም» አለ። «በጥርሴ ነው።»

ከዚያ ሳትጠይቀው ቀስ እያለ ነገራት። ሲባንን መነኸሪያው ውስጥ ያለ መስሎት ነበር። ዓይኑ በደንብ ሳይገለጥ አንድ ነገር ወደ ባዶ ቦታ ሲንደረደር አየ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ አፉ እሱን አይጠይቅም፤ ሳይጋጭ ማስቆም የለመደ አፍ ነው። ብረቱን ጥርሱ ላይ ሲያገኘው ግንቡ እጁን አንስቷል። አውቶቡሱ ውስጥ ሲሳፈሩ ተነስቶ እኔ ነኝ ሊል አስቦ ነበር። የሰዉን ፊት አየ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ መስሎሽ ነበር አይደል አላት። አዎ አለችው፣ ባይመስላትም።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለ ወደ ሹፌሮቹ በአገጩ እያሳየ። «እነዚያን ታያቸዋለሽ? ጡረታ እስክወጣ ከእነሱ ጋር ነኝ። ግንቡን ያቆመው ሰውዬ እያሉ ለልጅ ልጃቸው ነው የሚያሳዩኝ። ሁለት ሳምንት ዝም ብንል ይረሳል። ሆድ ይፍጀው።»

«አይረሳም» አለች ሽቦ። መምህሩ የገዛ አፉን መጠርጠር እንደጀመረ፣ ዓርብ ኮሚቴው ፊት ነፍቻለሁ ሊል እንደሆነ፣ ከዳኝነትም እንደሚሰናበት ነገረችው። ኳስ ሲሰበስቡ ጠይቋት ሰምቻለሁ ማለቷንም ጨመረችለት።

«ያልነፋውን?» አለ አባቷ።

«ያልነፋውን።»

አባቷ አንገቱን ደፋ። ሽቦ አሁን ይላል፣ አሁን እሄዳለሁ ይላል እያለች ጠበቀችው። መነኸሪያው ውስጥ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ቦታ የሚያሲዘው ሰው ፈልጎ ነው። አባቷ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ።

«የኔ እናት» አላት፣ እሷን ሳይሆን ምሳ ዕቃውን እያየ። «እኔ አፌን መክፈት አቃተኝ። አንቺ ብትከፍቺ ግን አልቀየምሽም።»

በመዳፉ ብረቱን ሊመታ ሄደ። ሽቦ ወደ ቤቷ ስትመለስ ተናደደችበት። እሱ የነፋውን ለምን እኔ እናገራለሁ፣ ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ እያለች ነበር የምትራመደው። ሰፈሯ ስትደርስ ያ የቀላ መዳፉ ትዝ አላት። ፊሽካ መንፋት ይቀላል እኮ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ብረት በእጁ የመታው ራሱን ሊቀጣ ነው። ንዴቱም አልለቀቃት፣ ማዘኑም አልቀረላት፤ ሁለቱንም ይዛ ገባች።

ዓርብ ጠዋት ስትነሳ አባቷ ወደ ሥራ ወጥቷል። የስፖርት ጫማዋን ልታጠልቅ ስትል እግሯ ብረት ነካ። ፊሽካው ከነማሰሪያው ጫማዋ ውስጥ ተቀምጧል። እናቷ የታጠበ ልብስ እያጠፈች አየችውና አባትሽ ፊሽካውን ረስቶ ሄደ እንዴ አለች። አባቷ ጃንጥላ ይረሳል፣ ኮት ይረሳል፣ አንዴ የገዛ ልደቱን ረስቷል። ፊሽካ ረስቶ አያውቅም። ሽቦ ለእናቷ እወስድለታለሁ ብላ ኪሷ ከተተችው።

ክፍሉ ሳምንቱን ሙሉ በተስፋ ሰክሮ ነበር። ተንታኙ ሰሌዳው ላይ የመጨረሻዋን ደቂቃ በጠመኔ ስሏታል፤ ግንቡ እዚህ፣ ኳሷ እዚያ። ስሕተት የለበትም፤ ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ሁልጊዜ ያምራል። «ሽቦ፣ ዛሬ ከሰዓት ቲቸር ነፋሁ ይልና በቃ፣ አለቀ» አላት ዓይኑ እየበራ። ሽቦ በልጅነታቸው ከኮንክሪት አጥር ላይ ተንጠልጥለው አብረው ጨዋታ ያዩበት ጊዜ ትዝ አላት። ከዛሬ በኋላ የሚያናግረኝ አይመስለኝም ብላ አሰበች። 

ስፖርት ከምሳ በፊት ነበር። መምህሩ ዛሬ ጢሙን ተላጭቷል፣ ሸሚዙንም ተኩሷል፤ ለከሰዓቱ መሆኑ ነው። ልጆቹ ተሰለፉ። የሰኞው ቀልድ አሁንም አልሞተም፤ ተንታኙ ጥቅሻ ሲሰጥ ሽቦ አይታዋለች። መምህሩ ቀጭኗን ፊሽካ ነፋ።

ማንም አልተነቃነቀም። መምህሩም ደግሞ አልነፋም። ፊሽካዋን ከአፉ አውጥቶ፣ የሰማችሁ ከሆነ ሩጡ፣ ካልሰማችሁም እረፉ አላቸው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

ሽቦ ከሰልፉ ወጣች። ተንታኙ ልትሮጥ መስሎት ሹራቧን ያዝ አደረጋት። አልሮጠችም። ጥቂት ወደ ሜዳው መሀል ተራመደች፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ የብረት ፊሽካውን አወጣች። ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነበር፤ የአባቷን ጥርስ ምልክት በምላሷ አገኘችው። አንድ ረጅም ነፋች።

 ከአጥሩ ወዲያ እግር ኳስ ይጫወቱ የነበሩት የታች ክፍል ልጆች እንኳ ኳሳቸውን ትተው ቆሙ። የተንታኙ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ በጉንጩ ሲያሰማ የከረመው ድምፅ ነው፤ ያው ወፍራሙ፣ ያው የሚንቀጠቀጠው፤ አዳራሽም አላስፈለገውም። «ይሄ ነው» አለ ለራሱ። ቀጥሎ ምን ማለት እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። «ሽቦ፣ ጨዋታው እኮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

መምህሩ ቀስ ብሎ መጣና ፊቷ ቆመ። 

«እስቲ ድገሚው» አላት።

ደገመችው። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።  ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ይዞት የቆየ ትንፋሽ ነበር።

«እርስዎ አልነፉም፣ ቲቸር» አለች ሽቦ። «የአባቴ ፊሽካ ነው። እንቅልፍ ይዞት ነበር። ሥራ ላይ ያለ መስሎት ነው የነፋው። ያኔ ሰምቻለሁ ስልዎት ከየት እንደሰማሁ አልነገርኩዎትም።»

 መምህሩ አንዴ ወደ ልጆቹ፣ አንዴ ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋላት፤ ፊሽካውን ስጪኝ፣ ከሰዓት ለኮሚቴው እኔው አሳያቸዋለሁ፣ አባትሽ መድከም የለበትም አላት። ቀና ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ለሰው ያስባል። መስጠት ቀላል ነበር። ሰጥታው ብትሄድ የእሷ ነገር እዚያ ላይ ያልቃል፣ አባቷም ከጎማ ክምር ጀርባ ሆኖ ሊያልፍለት ይችላል። ሽቦ ግን ጣቶቿን ጨበጠች።

«ፊሽካው ብቻውን አይሄድም» አለች። «ስንወጣ በቀጥታ መነኸሪያ ሄጄ አባቴን ይዤ እመጣለሁ።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እሺ እስኪል አብሬው እቀመጣለሁ» አለች፣ አስባበት ሳይሆን አፏ ላይ እንደመጣላት።

ማሰሪያውን አንገቷ ላይ አጠለቀችና ወደ ሰልፉ ተመለሰች። በአጠገቧ የቆሙት ልጆች ትንሽ ገለል አሉላት፤ ተንታኙ መሬት መሬት ያያል። መምህሩ ቀጭኗን ፊሽካ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አፉ ውስጥ ከተተ። ነፋ።

ሽቦ ሮጠች። ብረቱ እየተወዛወዘ ደረቷን ይመታታል። መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ማዕዘን ስትዞር ከኋላዋ የእግር ኮቴ መጣ፤ የስንት ሰው እንደሆነ ዞራ አላየችም።